ሜልኮልን በልብ ወለድ መጻፍ፦ ለአንድ ደራሲ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሳኦል ልጅ በሜልኮል ሕይወት ላይ ታሪካዊ ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እርሷ የሚናገረው ጥቂት በመሆኑ ቀሪውን መፍጠር ግድ ሆኖብኛል። እስከ ምን ድረስ መፍጠር እችላለሁ? እንዴትስ አድርጌ ላናግራት? ረቂቁን ከማሳተሜ በፊትስ ለማን ማሳየት ይገባኛል?»

ጉዳዩን ከድፍረት የሚቆጥሩ ሰዎች ቢያጋጥሙዎት፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ሴቶች ታሪክ መልሶ መተረክ ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳልሆነ ሊነግሯቸው ይችላሉ። የዜና መዋዕል ጸሓፊ ከሳሙኤል መጻሕፍት የምናውቀውን ታሪክ መልሶ ሲጽፍ፣ ሜልኮል ዳዊትን በመስኮት አይታ በልቧ እንደ ናቀችው በአንድ ቁጥር ጠቅሶ፣ ከዚያ በኋላ በባልና በሚስት መካከል የተደረገውን መራራ ምልልስ ፈጽሞ ትቶታል። የታልሙድ፣ ማለትም የጥንቱ የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ ሊቃውንት ደግሞ በተቃራኒው ጨምረውላታል፤ የሕግ ቃል የተጻፈበትን፣ ለወንዶች ብቻ የተለመደውን አሸንክታብ ታስር እንደ ነበር ተርከዋል። በእኛም ዘንድ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ13 ቁጥሮች ብቻ የምትታየው የሳባ ንግሥት፣ ማክዳ የሚለውን ስም፣ ረጅሙን ጉዞና ልጇን ያገኘችው በክብረ ነገሥት ነው። እርግጥ ነው፣ ክብረ ነገሥት ራሱን እንደ ልብ ወለድ አያቀርብም፤ ይሁንና ባጭሩ የተነገረች ሴት ሰፊ ታሪክ ሊኖራት እንደሚችል የአማርኛ አንባቢ ከማንም በፊት የለመደው ነው።

እኔ ከእርስዎ ጋር የማልስማማው ስለ ሜልኮል የተጻፈው «ጥቂት» ነው በሚለው ላይ ነው። ቁጥሮቹ ጥቂት ቢሆኑም የተጻፉበት ጥንቃቄ ብርቱ ነው፤ ዝምታውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ተራኪው ጉዳዬ ስላልሆነ ብቻ ያልነገረን ነገር አለ፤ ለምሳሌ በልጅነቷ ማን እንዳሳደጋት፣ ምን ትለብስ እንደ ነበር፣ ከሁለተኛ ባሏ ጋር በጋሊም የኖረችበት ቤት ምን ይመስል እንደ ነበር አይነግረንም። በዚህ ዓይነቱ ዝምታ ውስጥ የዘመኑን እውነት እስካልጣሱ ድረስ እንደ ልብዎ ይፍጠሩ። ሁለተኛው ዝምታ ግን እያወቀ የያዘው፣ አንባቢው እንዲጠብቀውና እንዲያጣው ሆን ብሎ የከለከለው ነው። ይህንን በፈጠራ መሙላት ታሪኩን ማፍረስ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ልብ ወለድዎም የሚወድቀው ወይም የሚቆመው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የዚህን ሁለተኛ ዝምታ መጠን ለማየት ከፍቅሩ እንጀምር። ሜልኮል ዳዊትን እንደ ወደደችው በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 ሁለት ጊዜ ተነግሯል። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ትረካዎች ውስጥ፣ አንዲት ሴት ልታገባው የምትሻውን ወንድ እንደ ወደደች በተራኪው አንደበት በግልጽ የተነገረላት እርሷ ብቻ ናት። ዳዊት ወደዳት የሚል ቃል ግን በየትኛውም ስፍራ የለም፤ ደስ ያሰኘው ነገር ተብሎ የተጻፈው ለንጉሥ አማች መሆኑ ነው። ሳኦል ለማጫ የ100 ፍልስጥኤማውያንን ሸለፈት የጠየቀው አማቹ በጦርነት እንዲወድቅለት አስቦ መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ ሜልኮል ታውቅ እንደ ነበርና እንዳልነበር ግን አልተነገረም። ዳዊት 200 አድርጎ ማምጣቱን የዕብራይስጡ ጽሑፍ ሲናገር፣ የግሪኩ ትርጉም 100 ይላል፤ ዳዊትም ራሱ ኋላ ለሳኦል ልጅ ለኢያቡስቴ ሲልክ የሚጠቅሰው 100 ነው። ለልብ ወለድ ጸሓፊ ይህ ልዩነት ትልቅ ስጦታ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ሰዎች አንደበት ቁጥሩ እያደር ሲያድግ ማሳየት ይችላሉና።

ቀጥሎ የማምለጫውን ሌሊት ይመልከቱ። የሳኦል መልእክተኞች ቤቱን ከበዋል፤ ሜልኮል ለባሏ በዚህች ሌሊት ራስህን ካላዳንህ ነገ ትገደላለህ ብላ በመስኮት ታወርደዋለች፤ ከዚያም ተራፊሙን፣ ማለትም የቤቱን ጣዖት፣ በአልጋው ላይ አስተኝታ የፍየል ጠጕር በራስጌው ታደርጋለች፣ በልብስም ትሸፍነዋለች፣ ለመልእክተኞቹም ታሞአል ትላቸዋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዳዊት አንድ ቃል እንኳ አይመልስላትም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ከወንድሟ ከዮናታን ጋር ሲገናኝ ግን ረጅም ንግግር ይነጋገራሉ፣ ቃል ኪዳን ያስራሉ፣ ተሳስመው ያለቅሳሉ። ቆይቶም አባቱንና እናቱን ወደ ሞዓብ ወስዶ በዚያ አገር ንጉሥ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል። ሚስቱን ሊወስድ እንደ ሞከረ፣ መልእክት እንደ ላከባት ወይም እንዳሰባት የሚል ግን ምንም የለም። አቢግያንና አኪናሆምን ማግባቱ በተነገረ ማግሥት፣ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ሳኦል ሜልኮልን የጋሊም ሰው ለሆነው ለፈልጢ እንደ ሰጣት በአንድ ቁጥር ይነገረናል። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ሲወድቁም ዳዊት ባወረደው ሙሾ ለሳኦል እንዲያለቅሱ የእስራኤልን ሴቶች ልጆች ይጠራል፤ የሳኦልን የገዛ ልጅ ግን በስም አያነሳትም።

ብዙ ደራስያን በዚህ ቦታ ይፈተናሉ። በመስኮቱ ሥር ሹክሹክታ፣ የስንብት መሳሳም፣ በበረሃ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ መጨመር ይቀላልና። እርስዎ ግን እንዳይጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ዳዊት ለሜልኮል የተናገራት ተብሎ በመጽሐፉ ውስጥ የሰፈረው የመጀመሪያው ቃል በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ያለው ቍጣ ነው፤ እርሱም የመጨረሻው ነው። በመካከሉ ደግነት የተሞላ ምልልስ ካስገቡበት ያ ቍጣ ተራ የባልና የሚስት ጠብ ሆኖ ይቀራል። ይልቁንስ ሜልኮል መልስ የምትጠብቅበትን ጊዜ ይጻፉት፤ የቤቱን ወሬ ከማን እንደምትሰማ፣ ሴቶች «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊት እልፍ ገደለ» እያሉ የዘፈኑት ዘፈን በአባቷ ደጅ ሲያልፍ ፊቷ ምን ይመስል እንደ ነበር። በእርሷ አንደበት የሚተርኩ ከሆነ ደግሞ፣ በዋሻና በምድረ በዳ የሆነውን ሁሉ ልታውቀው እንደማትችል አይዘንጉ፤ ወደ እርሷ የሚደርሰው የተጣመመና የዘገየ ወሬ ብቻ ነው።

የጋሊም ዘመን ሰፊው የነጻነት ሜዳዎ ነው። ዳዊት በፍልስጥኤማውያን አገር 1 ዓመት ከ4 ወር፣ በኬብሮን ደግሞ 7 ዓመት ከ6 ወር እንደ ተቀመጠ ተጽፏል፤ ሜልኮል የተመለሰችው በኬብሮን ዘመኑ ማብቂያ አካባቢ ስለሆነ፣ ከፈልጢ ጋር የኖረችው ለብዙ ዓመታት ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። የሳኦል የጦር አለቃ የነበረው አበኔር መንግሥቱን ከኢያቡስቴ ወደ ዳዊት ለማዞር በተደራደረ ጊዜ ዳዊት ሜልኮልን ካላመጣህ ፊቴን አታይም አለው። የሳኦልን ልጅ በቤቱ የያዘ ሰው በሳኦል ሕዝብ ፊት ምን ያህል የዙፋን መብት እንደሚያገኝ ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግዎትም፤ በዚያን ጊዜ ዳዊት በኬብሮን 6 ሚስቶች እንደ ነበሩት መጥቀስ ብቻ ይበቃል። ኢያቡስቴ ልኮ ከባሏ ወሰዳት፤ ፈልጢም እስከ ብራቂም ድረስ እያለቀሰ ተከተላት፤ አበኔር ሂድ ተመለስ ባለው ጊዜ ተመለሰ። የፈልጢ ልቅሶ ተጽፏል፤ የእርሷ ልቅሶ ግን አልተጻፈም። ይህም ከተከለከልናቸው ነገሮች አንዱ ነው። አልቅሳለች ብለው በቀላሉ አይወስኑ፤ ደስ ብሏታልም አይበሉ። በመንገዱ ላይ ፊቷን የሚያይ ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ አህያ የሚነዳ ልጅ፣ ይፍጠሩና እርሱ የሚያየውን ብቻ ይንገሩን።

ከሕግ አንጻር ይህ መመለስ ጥንታውያኑንም አስጨንቋቸዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 በፍች የተለየችና ሌላ ሰው ያገባች ሴት ወደ ፊተኛው ባሏ እንዳትመለስ ይከለክላል። የታልሙድ ሊቃውንት ችግሩን የፈቱት ፈልጢ በእርሱና በእርሷ መካከል ሰይፍ ተክሎ፣ ሳይነካት ኖረ በማለት ነው። ሌላው መንገድ ዳዊት የፍች ጽሕፈት አልሰጣትምና ሕጉ አይመለከታትም ማለት ነው። ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድመውና የሌላ አገር ሕግ የሆነው የባቢሎኑ የሐሙራቢ ሕግ በአንቀጽ 135 እና 136 ሁለት ሁኔታዎችን ይለያል፦ ባሏ የተማረከባትና በቤቷ የምትበላው ያጣች ሴት ሌላ ቤት ብትገባ፣ ባሏ ሲመለስ ወደ እርሱ ትመለሳለች፤ ከተማውን ትቶ የኮበለለ ሰው ሚስት ግን ወደ እርሱ አትመለስም። ይህ የእስራኤል ሕግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ዓለም ሰዎች ይህን ጥያቄ ጠይቀው መልስም ይሰጡበት እንደ ነበር ያሳያል። ዳዊት የተማረከ ነውን ወይስ የኮበለለ? በጋሊም ሽማግሌዎች ፊት እንዲህ ያለ ክርክር ቢያስነሱ ከማንኛውም የፍቅር ትዕይንት ይልቅ ዘመኑን ያስመስላል።

ስለ ኑሮ ዝርዝር ደግሞ ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ ነው። የሳኦል ከተማ ጊብዓ ናት ተብሎ በብዙዎች የምትታሰበው ቴል ኤል ፉል ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዊልያም ኦልብራይት በ1922 እና በ1933 እ.ኤ.አ. ቆፍሯታል። ያገኘው የድንጋይ ምሽግ እንጂ ባለ ወርቅ ዓምድ ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ የምሽጉም ዘመን እስከ ዛሬ ያከራክራል። መጽሐፉ ራሱ ሳኦልን የሚያሳየን ጦሩን በእጁ ይዞ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ሜልኮል የንጉሥ ልጅ ብትሆንም የእንስሳት ድምፅ ከማይርቅበት፣ ሰው በጠፍጣፋ ሰገነት ላይ ከሚተኛበት ቤት ያደገች አድርገው ይሳሏት። ሳንቲም የለም፤ ብር በሚዛን ነው የሚከፈለው። በርበሬ፣ ቲማቲምና በቆሎ ከአሜሪካ የመጡት ከ2,500 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ቡናም የለም። እህል የሚፈጨው እናቶቻችን በሚያውቁት ዓይነት ወፍጮና መጅ ነውና በዚህ በኩል የአማርኛ ቃል ሳይቸግርዎት ይጻፉ። በሽመና ግን ይጠንቀቁ፦ በእኛ አገር ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በጥንቷ እስራኤል ቤት ግን በሽመና ዕቃው ፊት የምትቆመው ሴት ናት፤ ከድር ጫፍ የሚንጠለጠሉ የሸክላ ክብደቶችም ከቁፋሮ በብዛት ተገኝተዋል። ሸማኔ ወንድ ወደ ሳኦል ግቢ እያስገቡ አንባቢውን ሸዋ አያድርሱት።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ተራኪው ሜልኮልን የሚጠራበትን መንገድ ነው። በማምለጫው ሌሊት «ሚስቱ ሜልኮል» ናት፤ በመስኮት ቁልቁል ስታይ፣ ስትገሥጽና ልጅ ሳትወልድ ስትሞት ግን በሦስቱም ቦታ «የሳኦል ልጅ ሜልኮል» ትባላለች። በድርድሩ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ዳዊት ለአበኔር «የሳኦልን ልጅ» ሲል፣ ለወንድሟ ለኢያቡስቴ «ሚስቴን» ይላል። እዚህ ላይ የሰውዬው ፖለቲካ ሁሉ ተጽፏል። ልብ ወለድዎ በዚህ መንገድ ላይ ቢመሠረት፣ ማለትም ማን በየትኛው ሰዓት የማን ብሎ እንደሚጠራት እየተከታተለ ቢሄድ፣ ስለ ሴቶች ዕጣ የሚያወሳ ምንም ዓይነት ስብከት ማስገባት አያስፈልግዎትም። ሜልኮልን የዘመናችን ታጋይ አድርገው ንግግር የሚያስደርጓት ጽሑፎች የሚያደክሙኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ በትዕቢቷ የተቀጣች ሴት አድርገው የሚያልፏትም እንዲሁ።

የታቦቱ ትዕይንት ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ችግር አለበት። ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝፈኑን የእኛ ሰው የሚያውቀው ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉና ሽብሸባው በየዓመቱ በዓይኑ ፊት አለ፤ የዝማሬውም አብነት ዳዊት ነው ሲባል አድጓል። ስለዚህ የአንባቢዎ ልብ ገና ከመጀመሪያው በዳዊት በኩል ይቆማል፤ ከመስኮቱ ሆና የምታየውን ሴት እንደ ደፋር ይቈጥራታል። ይህን መካድ አይጠቅምም። ይልቅ የበዓሉን ደስታ ሳያሳንሱ፣ ሴቷንና ወንዱን ሳይለይ ለሁሉም እንጀራና የዘቢብ ጥፍጥፍ መታደሉን ጭምር ጽፈው፣ ከዚያ በኋላ አንባቢውን ወደ መስኮቱ ያውጡት። በመስኮት የምትመለከት ሴት በዚያ አካባቢ ጥንታዊ ጥበብ የታወቀች ምስል ናት፤ በሰማርያና በነምሩድ በተገኙ የዝሆን ጥርስ ቅርጾች ላይ ትታያለች፤ በመጽሐፍ ቅዱስም የሲሣራ እናትና ኤልዛቤል እንዲሁ በመስኮት ይታያሉ፣ ሁለቱም ቤታቸው በሚፈርስበት ቀን። የሜልኮል አባት ቤት አስቀድሞ ፈርሷል፤ ሰልፉም የሚያልፈው በዚያ ፍርስራሽ ላይ ነው። ዳዊት ሲመልስላት ለብሶት የዘፈነውን የበፍታ ኤፉድ፣ ማለትም የካህናቱን ዓይነት ልብስ፣ ጉዳይ አልፎ፣ እግዚአብሔር ከአባትሽና ከቤቱ ሁሉ ይልቅ መረጠኝ የሚለው ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሜልኮል እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ልጅ አልወለደችም ተብሎ ይዘጋል። ለምን እንዳልወለደች አልተነገረም። እግዚአብሔር ቀጥቷት ነው ያሉ አሉ፤ ዳዊት ወደ እርሷ አልገባም ያሉ አሉ፤ እርሷ ራሷ ደጇን ዘጋችበት ብሎ ማንበብም ይቻላል። ከታልሙድ መምህራን አንዱ ከዳዊት ሚስቶች ከአንዷ ጋር አንድ አድርጎ፣ በሞቷ ቀን ወለደች የሚል መንገድ አግኝቷል። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ አንባቢ አንድን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ማየትን ለምዷልና፣ ይህን ክፍት መተው አያስከፋውም። ልብ ወለድ ግን አንድ ታሪክ መምረጥ አለበት የሚል ጭንቀት ካደረብዎት፣ ምክንያቱን የቤቱ ገረዶች በየራሳቸው ያውሩት፤ ሜልኮል ትሰማቸው፤ አትመልስላቸው።

ስለ አነጋገሯ የጠየቁት ከዚህ ጋር ይያያዛል። በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው በ4 ቦታ ብቻ ነው፤ ሁሉም አጭርና አንድን ነገር ለማድረግ የተነገረ ነው፦ ታስጠነቅቃለች፣ ትዋሻለች፣ ለአባቷ ታመካኛለች፣ ትሳለቃለች። ስለዚህ በልብ ወለድዎም ቁጥብ ትሁን። ግእዝ የበዛበት የቤተ ክህነት አማርኛ አያናግሯት፤ የሠፈር ቋንቋም አይሆናትም። አማርኛ የሚሰጥዎት ትልቅ መሣሪያ የአክብሮት አጠራሩ ነው። በማምለጫው ሌሊት «አንተ» ትበለው፤ ከኬብሮን በኋላ «እርስዎ» ትበለው፤ በታቦቱ ቀን ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው፣ «የእስራኤል ንጉሥ ዛሬ ምንኛ የተከበረ ነበር!» ብላ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ትናገር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይጨምሩበት።

ታሪኩን በዚያ ምዕራፍ መጨረስ ግድ አይደለም። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ዳዊት ከሳኦል ዘር 7 ወንዶችን ለገባዖናውያን አሳልፎ ይሰጣል። ከእነርሱ አምስቱን የወለደቻቸው ሴት በአብዛኞቹ የዕብራይስጥ ቅጂዎች ሜልኮል ስትባል፣ በጥቂት የዕብራይስጥና በአንዳንድ የግሪክ ቅጂዎች እኅቷ ሜሮብ ናት፤ የታልሙዱ መፍትሔ ሜሮብ ወለደች፣ ሜልኮል አሳደገች የሚል ነው። እኔ ደራሲ ብሆን የምይዘው ይህን የመጨረሻውን ነበር። ያልወለደች ሴት ያሳደገቻቸው አምስቱ ልጆች በባሏ ትእዛዝ ሲሰጡ፣ የቀሩት የሁለቱ እናት የሳኦል ቁባት ሪጽፋም ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ ድረስ ሬሳውን ከአሞራና ከአራዊት ስትጠብቅ፣ ሜልኮል የት ነበረች? ያን ጊዜ በሕይወት መኖሯንም መጽሐፉ አይነግረንም፤ ተራኪው ግድ ያልሰጠው ዓይነት ዝምታ ይህ ነውና በነጻነት ይግቡበት።

ረቂቁን ለሁለት ዓይነት ሰዎች ያሳዩ። አንደኛው የብሉይ ትርጓሜ የተማሩ መምህር ይሁኑ፤ «ያስቀይማልን?» ብለው አይጠይቋቸው፣ የተጻፈውን የለወጥሁበት ቦታ የቱ ነው ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ዕብራይስጥ ወይም የዚያን አገር የመሬት ቁፋሮ የሚያውቅ ሰው ሲሆን፣ ከእርሱ የሚፈልጉት የዕቃና የቦታ እርማት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም ከ3 ገጽ ያልበለጠ ድኅረ ቃል ጨምረው፣ የሳሙኤል መጻሕፍት የሚሉትን፣ የታልሙድ የሆነውንና የእርስዎ የሆነውን ለይተው ይጻፉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የዳዊት ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን በተገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት በተቀረጸው ጽሑፍ ላይ መጠቀሱን፣ የሳኦልም ሆነ የሜልኮል ስም ግን እስካሁን በማንኛውም የዘመኑ ጽሑፍ ላይ አለመገኘቱን እዚያው ይግለጹ።